የሁለተኛው አልበም አጽናኝ

ሐኪም በሽተኛው እስኪመጣ ይጠብቃል። እሳት አደጋ ጢስ እስኪታይ ይጠብቃል። አጽናኝ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ ምድር ላይ ከችግር ቀድሞ የሚደርስ ፍጡር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። «እኛ ሰፈር የለም» እንዳትሉ፤ አለ። እናንተ አላያችሁት ይሆናል እንጂ እሱ አይቷችኋል፤ ፊታችሁን ገርመም አድርጎ «ምስኪን» ብሎም አልፏል።

የታሪካችንን ዘፋኝ የገጠሟት አጽናኝ ደግሞ ተራ አጽናኝ አይደሉም፤ ሊቀ አጽናኞች ናቸው። ሙያቸው ሶፋ መሥራት ነው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ ትልቅም ትንሽም «ጋሽ አይዞህ» ነው የሚላቸው። ሱቃቸው መንገድ ዳር ነው። ከሱቁ በስተጀርባ ድሮ ጨርቅ ይከመርበት የነበረ ክፍል አለ፤ ያንን ክፍል ለዘፋኟና ለጓደኞቿ ባንድ መለማመጃ ሰጥተዋል። ድምፅ እንዳይወጣ ብለው ግድግዳውን ከአሮጌ ሶፋ በወጣ ስፖንጅ ራሳቸው ለብጠውታል፤ አንዳንዱ ስፖንጅ ላይ የሰው መቀመጫ ቅርጽ እስከ ዛሬ ይታያል። የባንዱ ከበሮ ወደ ውጭ አይሰማም። የጋሽ አይዞህ መዶሻ ግን ወደ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ድራመሩ ሁልጊዜ ይገርመዋል።

የእኚህን ክቡር ሰው ገድል ማን ጽፎ ይጨርሰዋል! የባንኩ ሠራተኛ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በተሾመ ዕለት ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለው፣ እሳቸው እጁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ኃላፊነት ነው፣ የመጣውን መቻል ነው» አሉት። ሰውየው የሹመት ድግሱን ትቶ ቤቱ ሄዶ ተኛ። አዲስ መኪና የገዛውን ጎረቤታቸውን ደግሞ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይላጥ «አይዞህ፣ ብረት ነው፣ ይተካል» ብለውታል። ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ጠጋ ብለው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይለመዳል» ሲሏት ሙሽራው ሰምቷል። ሰምቶም አልረሳም፤ ሶፋ የገዛው ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው። መንታ የወለደችውን «አይዞሽ፣ ያድጋሉ» አሏት፤ እዚህ ላይ እንኳ እውነታቸውን ነው። ሁሉንም የሚዘጉት ግን በአንድ ማኅተም ነው፤ «ዋናው ጤና ነው።»

ክፋት ነው ብትሉ ግን እግዜር ይፈርድባችኋል። ሰውየው ሲያጽናኑ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ከልባቸው ነው። ደስታ ሲያዩ «ይሄ ነገር ሲሄድ ይሄ ሰው ምን ሊሆን ነው?» ብለው ቀድመው የሚጨነቁ ናቸው። ጭንቀታቸውን ደግሞ ለብቻቸው ይዘው አይቀመጡም፤ ያካፍላሉ።

የባንዱ የመጀመሪያ አልበም የወጣበት ዘመን ለጋሽ አይዞህ ክፉ ዘመን ነበር። «ያመለጠኝ አውቶቡስ» የሚለውን ዘፈን ያልዘፈነ አልነበረም። ሠርግ ላይ ተዘፈነ፣ ምርቃት ላይ ተዘፈነ፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት እንኳ ኪኒን የሚቆጥረው በዘፈኑ ምት ነበር። ዘፋኟ የመድን ድርጅት ሥራዋን ለቀቀች፤ ከእናቷ ቤት ወጥታ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየች። ጋሽ አይዞህ አልፎ አልፎ የመለማመጃውን በር ገፋ ያደርጉና ሁሉንም በየተራ ያዩአቸዋል።

«ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን ጋሼ።»

«ምንም የለም?»

«ምንም የለም ጋሼ። ሁሉም ጥሩ ነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ አይዟችሁ» ብለው በረጅሙ ተንፍሰው ወደ መዶሻቸው ይመለሳሉ። እንደዚያ ዘመን ከስተው አያውቁም።

ከዚያ ሁለተኛው አልበም ወጣ። ሁለተኛ አልበም እንደ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ገና አፉን ሳይፈታ ከታላቁ ጋር ያወዳድሩታል። ስሙ «ሁለተኛ ፎቅ» ነው። አውቶቡስ የለበትም። የሚያስጨበጭብ የለበትም። ጊታሩ ቀስ ይላል፤ ዘፋኟ ለራሷ የምትናገር ይመስል ዝግ ብላ ትዘፍናለች። አራተኛው ዘፈን፣ የአልበሙን ስም የያዘው፣ ሲቀረጽ ድራመሩ እንጨቶቹን ይዞ ተቀምጦ «እኔ እዚህ ጋ ምንድን ነው የምሠራው?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«ጠብቅ» አለችው።

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

ሲያልቅ አንዴ የከበሮውን የነሐስ ሳህን ነካ አደረገው። በሙያ ዘመኑ እንደዚያ ቀን ደክሞት አያውቅም።

ሰው አንድን አልበም ሲጠላው ጠላሁት አይልም፤ ጨዋ ነው። የሬዲዮው አቅራቢ «ብስለት ይታይበታል» አለ። ስለ ሰው ሲባል ምስጋና ነው፤ ስለ አልበም ሲባል ግን እግዜር ይማርህ እንደማለት ነው። ሌላው «ደጋግሞ መስማት ይፈልጋል» አለ፤ አንዴ ሰምቶ እንደዘጋው ያስታውቃል። አንዱማ ሽፋኑን አመሰገነ። ጋዜጣው ላይ አንድ ሃያሲ ግማሽ ገጽ ጽፎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ማለት ከመሬት ተነቅሎ ሰማይ ያልደረሰ የዘመኑ ሰው ምሳሌ መሆኑን፣ ደረጃውም ታሪክ መሆኑን አብራራ። ድራመሩ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ወደደው ወይስ ጠላው?» አለች ዘፋኟ።

«እኔ እንጃ።»

«እስቲ መጨረሻውን አንብበው።»

«መጨረሻው 'ጊዜ ይፈርዳል' ነው የሚለው።»

ይሁን፤ ሃያሲ የሃያሲ ነው። እሷን የገደላት የሰፈሩ ነገር ነው። ድሮ መንገድ ላይ ስትታይ «አውቶቡሱ መጣ!» እያለ የሚያሽካካው ሰው አሁን ጭጭ አለ። ፋርማሲስቱ «እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው?» ይላትና ኪኒኑን በዝምታ ይቆጥራል። ፀጉር ቤት ስትገባ ሙዚቃው ቀጥ ይላል፤ ሴቶቹ ሁሉ መስተዋት ውስጥ ያይዋታል፤ ከዚያ ስለ አየሩ ይወራል። አንድ ቀን ቢሆን አጋጣሚ ነው ትላላችሁ። በሄደች ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ስለ አየር ይህን ያህል የተወራበት ፀጉር ቤት ታይቶ አይታወቅም። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ፣ «ሰማሁት» ያላት የለም። ሰው ቢሰድባት ትችለው ነበር። ዝምታው አንገበገባት።

በዚህ መሃል የድሮ አለቃዋ ደወለላት። «ወንበርሽ አለ። ሰው ልቀጥርበት ነው፤ ከፈለግሽው እስከ ሰኞ ንገሪኝ» አላት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሲኒማ ቤቱ አዳራሽ የአልበሙ ምርቃት ኮንሰርት ነበራቸው።

«ኮንሰርቱን እንሰርዘው» አለችው ለድራመሩ። «እኔ ባዶ ወንበር ፊት ቆሜ አልዘፍንም። ሰኞ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ አለቀ።»

«ባንዱስ?»

«ባንዱ ምን አለው? ሰው አልወደደውም። ሰው ያልወደደውን በግድ አጉርሱት ነው?»

«ምን ብለን ነው የምንሰርዘው?»

«ታማለች በል።»

«ታማለች ካልኩ ጋሽ አይዞህ ይመጡልሻል» አለ ድራመሩ። እሱን አላሰበችበትም ነበር። ራሷን በእውነት አመማትና የራስ ምታት ኪኒን ልትገዛ ወጣች።

ፋርማሲው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከውስጥ የራሷ ድምፅ ይሰማል። አራተኛው ዘፈን ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ ፋርማሲስቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ደረቱ ላይ ይዞ ይዘፍናል።

*ደወሉ አዲስ ነው፣ ጣት አያውቀውም፤*
*ደረጃው ንጹሕ ነው፣ ሰው አልረገጠውም።*

ዓይኑን ሲገልጥ አያት። ሬዲዮው ላይ ዘሎ ሲያጠፋው የቪታሚን ካርቶን ከነመደርደሪያው ወረደ።

«ለምን ዘጋኸው?»

«ምኑን?»

«ዘፈኑን!»

«የቱን ዘፈን?» አለ፣ ሬዲዮውን በጀርባው ከልሎ።

«ስትዘፍን ሰምቼሃለሁ እኮ! ዜማዋንም አበላሽተሃታል።»

ፋርማሲስቱ ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ። «በናትሽ ጋሽ አይዞህ እንዳይሰሙ። አደራ ብለውን ነበር።»

«ምን ብለው?»

«'ልጅቷ ተጎድታለች፣ ስለ አልበሙ እንዳታነሱባት፣ ፊቷም አትክፈቱት፣ ቁስሏን ትነካካላችሁ' አሉን። መንገዱን ሁሉ ቤት ለቤት ዞረው ነው የነገሩን። ፀጉር ሰሪዋ ደንበኛ ስትገባ በር ላይ ነው የምታስጠነቅቀው።»

«ማን ነው ተጎዳሁ ያለው? ማን ሞተብኝ?»

«እኛም እንደሱ ብለን ጠየቅን። 'ዘፈኑን አልሰማችሁትም?' አሉን። ሄደን ሰማነው። ከዚያ ወዲያማ ማን አፉን ይከፍታል!»

«ቆይ፣ ቆይ። ሰማችሁት?»

«ሰማችሁት ወይ ትላለች እንዴ! ሚስቴ አራተኛዋን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ ራሴ እሷን እየሰማሁ ለሁለት ሰው ሽሮፕ አለዋውጬ ሰጥቻለሁ፤ ደግነቱ ሁለቱም ሳል ነበር።»

ዘፋኟ ልትስቅ ፈለገች፣ ልታለቅስም ፈለገች፤ ሁለቱም በአንድ በር እወጣለሁ ብለው ተጋፉና ንዴት ቀደማቸው። ኪኒኑን እንኳ ሳትወስድ በቀጥታ ወደ ሶፋ ቤቱ ሄደች። አንድ ሰው ደህና አልበሟን በርኅራኄ ሊገድልባት! ሥራዋን፣ ጓደኞቿን፣ የሁለት ዓመት ልፋቷን!

ጋሽ አይዞህ ጎንበስ ብለው የአንድ ወንበር ጨርቅ ወጥረው ይመታሉ።

«ጋሼ! ምን በድዬዎት ነው?»

ቀና አሉ። ሶፋ ሰሪ ጥቃቅኑን ሚስማር የሚይዘው በከንፈሩ ነው፤ አፋቸው ሙሉ ሚስማር ነው። በእጃቸው «ቆይ» አሏትና አንዱን አወጡ። ሌላውን አወጡ። እሷ እንደተቆጣች ቆማለች። አሁንም አንድ አወጡ። ቁጣ ደግሞ ሲገነፍል እንጂ ተራ ሲጠብቅ አያምርበትም። የመጨረሻውን ሚስማር መዳፋቸው ላይ አድርገው ሲጨርሱ «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ።

«አይዞሽ አይበሉኝ! ሰፈሩን ሁሉ ስለ አልበሜ እንዳታወሩ ብለውታል። እኔ ሰው ጠልቶት ነው ብዬ ባንዱን ላፈርስ ነው እኮ! ሰኞ ሥራ ልገባ ነው እኮ!»

«እኔ እንዳይነኩሽ ብዬ ነው።»

«እንዲነኩኝ ነው እኮ የዘፈንኩት!»

ሊቀ አጽናኞች ደነገጡ። የወጠሩትን ወንበር ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

«ሬዲዮው ብስለት አለ» አሉ። «ጋዜጣው ሰማይ አለ፣ ምድር አለ፣ ልጆቹ አንብበውልኝ አንዱም አልገባኝ። እኔ ዘፈኑን ሰማሁት። ይቺ ልጅ ፎቅ ቤት ወጥታ የሚጠይቃት ሰው የለም፣ ብቻዋን ናት አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

«ዘፈን ነው ጋሼ። ዘፈን እኮ ነው።»

«ውሸት ነው?»

 ውሸት አይደለም። እናቷ በጉልበታቸው ምክንያት ደረጃ አይወጡም። የድሮ ጓደኞቿ አሁን ታዋቂ ሆናለች፣ ጊዜ የላትም ብለው ይፈሯታል። ባንዱ እዚህ ስፖንጅ ቤት ስለሚያገኛት ቤቷን ማየት ትዝ ብሎት አያውቅም። ደወሉን የገጠመው ሰው ከሄደ ወዲህ የነካው የለም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ጊታር አግብታበት፣ ከበሮውን አስጠብቃ ለዓለም ዘፈነችው፤ ዓለም ብስለት ነው አለ። አንድ ሰው ብቻ፣ ይሄ ሠርግ ላይ ሙሽራ የሚያጽናና ሰውዬ፣ ቃል በቃል አመናት።

አለቀሰች። ዝም ብላ፣ ሳትሸፍነው አለቀሰች። ጋሽ አይዞህ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። እንደገና ሊሉ ሞከሩ፤ ምንም አልመጣላቸውም። በዕድሜያቸው ሙሉ ለሹመቱም፣ ለመኪናውም፣ ለመንታውም ሲያድሉት የኖሩት ቃል እውነተኛው ሐዘን ፊታቸው ሲቆም አለቀባቸው። የሶፋ ጨርቅ ናሙና ከጠረጴዛው አነሱና ሰጧት። ወፍራም፣ አበባ ያለበት ጨርቅ ነው፤ እንባ አይመጥም። ግን በእሱ ፊቷን ሸፈነች፤ እሳቸውም ከጎኗ ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። 

ሲበቃት «ኮንሰርቱ እሑድ ነው» አለች።

ጋሽ አይዞህ መደረቢያቸውን አንስተው ወጡ። ያንኑ መንገድ እንደገና ቤት ለቤት ዞሩት፤ አሁን ግን «አንሱባት! ምን ዝም ትሏታላችሁ፣ ጨካኞች!» እያሉ ነው። ፀጉር ሰሪዋ «እርስዎ አይደሉ እንዴ ዝም በሉ ያሉን?» ብትላቸው «እሱ የባለፈው ነው» አሏት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሞላ ብቻም አይደለም፤ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከነጭንቀቱ መጥቶ ቆሞ ነው ያየው። ሰዉ ግን ግራ ገብቶታል፤ መደሰት ይፈቀዳል አይፈቀድም በደንብ አልገባውም። የአራተኛው ዘፈን ጊታር ሲጀምር አዳራሹ በሙሉ ዘፋኟን ትቶ የፊት ረድፍ ላይ ወደተቀመጡት ወደ ጋሽ አይዞህ ዞረ። እሳቸው እንደ ዳኛ አንገታቸውን ነቀነቁ። ያኔ አዳራሹ አንድ ላይ አነሳው፤ ፋርማሲስቱ ዜማዋን እንዳበላሻት፣ ሚስቱ እያረመችው፣ ሴቶቹ ከፀጉር ቤት እንደወጡ። ዘፋኟ ማይኩን ዝቅ አድርጋ ቆመች፤ የራሷን ብቸኝነት ያ ሁሉ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ድራመሩ ጠብቆ ጠብቆ መጨረሻ ላይ ሳህኗን ነካ ሲያደርጋት በዚያ ቀን የእሱን ያህል የተጨበጨበለት የለም።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዋ ደወለች። «ወንበሬን ለሌላ ስጡት።»

«አይቆጭሽም?»

«እንጃ። ከቆጨኝ ዘፈን ይወጣዋል» አለች።

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ደወሉ ጮኸ። መጀመሪያ የማን ቤት እንደሆነ አልገባትም። በሩን ስትከፍት ከታች ከደረጃው የማቃሰት ድምፅ ይመጣል። ወረድ ብላ ብታይ፣ አንድ አረንጓዴ ሶፋ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተሰንቅሯል፤ ወደ ላይም አይሄድ፣ ወደ ታችም አይመለስ። ከሶፋው ኋላ ጋሽ አይዞህ ላብ በላብ ሆነው ይታያሉ፤ ከሶፋው ፊት ደወሉን ደውሎ የተመለሰው ድራመር አንዱን እግር ይዟል።

«ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?»

«ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል ብዬ ነው» አሉ እያለከለኩ።

«ሳይለኩት? እርስዎ፣ ሶፋ ሰሪው?»

«በምን ልለካው? መጥቼ አላውቅማ!» አሉ፤ ይህን ሲሉ እውነቱ ራሳቸውንም ገረማቸው።

ገፉት፣ ሳቡት፣ አጋደሙት፤ ወይ ፍንክች! ገበያ ውላ የመጣችው የሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ ማለፊያ አጥታ ዘንቢሏን አስቀመጠችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከላይ ሊወርዱ የነበሩት ባልና ሚስትም ቆሙ፤ ቆይተው ሚስትየዋ ከጎኗ ተቀመጠች። «እንዴት የሚመች ሶፋ ነው» ተባባሉ። ከዚያ «አንቺ ነሽ እንዴ እዚህ የምትኖሪው? እኛ እኮ ቤቱ ባዶ ይመስለን ነበር» አሏት። ጋሽ አይዞህ ከታች «በሩን እንንቀለው ይሆን?» ይላሉ፤ ድራመሩ በሩ ምን በወጣው ይላል፤ ባልየው መጋዝ ከየት እንደሚገኝ ያውቃል። ዘፋኟ በሯን እንደተከፈተ ትታ ሻይ ልትጥድ ገባች። ስንት ሰው እንደሆነ ለማየት ግን የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ሁለት ጊዜ ተመልሳ ወጣች።